ዝም ብዬ የከፈልኩት፦ ከተከላካይነት እስከ አሰልጣኝነት

ይሄን የምጽፈው ኋላ ለምትጫወቱ ልጆች ነው። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሁኑ ሐይቅ፣ አሁን 17 ወይ 20 ዓመት ሆኗችሁ ስቶፐር፣ ማለት የመሃል ተከላካይ፣ ሆናችሁ ክለብ ለመግባት የምትለፉ፣ ወይ ደግሞ ገብታችሁ ጉልበታችሁን እያመማችሁ ለማንም ያልተናገራችሁ። ያው አጥቂ ከሆንክ ሰው ሁሉ ይመክርሃል፣ ተከላካይን ግን ጎል ሲገባበት ካልሆነ የሚያስታውሰው የለም። እኔ 11 ዓመት ክለብ ተጫውቻለሁ፣ አሁን ደሴ ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ፣ እና ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ የምላቸው ነገሮች አሉ፣ እነሱን ነው የማወራችሁ።

ያደግኩት ጦሳ ስር ነው። የሰፈራችን ሜዳ ተዳፋት ነበር፣ አንዱ ጎል ከሌላው ከፍ ይላል፣ እኔ ረጅም ስለነበርኩ ሁሌ ታች ያለው ጎል ጋ ያቆሙኛል፣ ኳሱም ሰዉም ቁልቁል እኔ ላይ ነው የሚመጣው። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ እንኳን ኳሷን ጓደኛህንም በደንብ አታየውም፣ እዛ ነው እየተጠራራን መጫወት የለመድነው። የመጀመሪያ አሰልጣኛችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን ጠርቶ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ የቡድኑ ዓይን ነህ፣ ዘጠኙ ሰው ፊቱን ወደዛ አዙሮ ነው የሚጫወት፣ ሁሉንም የምታየው አንተና በረኛው ብቻ ናችሁ፣ ያየኸውን ካልተናገርክ ምን ትሠራልኛለህ?» ሜዳ ውስጥ ይሄን ምክር እስከ መጨረሻው ያዝኩት። ከሜዳ ውጪ ግን ረሳሁት፣ ብዙ ነገር ያጣሁትም እዛ ጋ ነው።

ወደ ዋናው ከመግባቴ በፊት ለኛ አካባቢ ልጆች አንድ ነገር። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ አየሩ ስስ ነው፣ ረጅም ኳስ ከገመታችሁት በላይ ትሄዳለች። ከቆላ የሚመጡ ተከላካዮች መጀመሪያ አካባቢ ኳስ በራሳቸው ላይ ስታልፍባቸው ሁሌ ነው የማየው። እኛ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንጫወት፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ ኳሷ ቀድማ ትወርድብናለች። ስለዚህ የትም ሜዳ ስትሄዱ ስታሟሙቁ በረኛችሁን አምስት ስድስት ረጅም ኳስ አስመቱትና የት እንደምታርፍ እዩ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ስንት ጎል ያድናችኋል።

በ1999 ከደሴ ውጪ ሙከራ ሄጄ በሦስተኛው ቀን ተያዝኩኝ። ቢሮ አስገብተው ወረቀት አቀረቡልኝ፣ ፈረምኩ። አላነበብኩትም፣ ኮፒም አልጠየቅኩም፣ እንዴት ልጠይቅ፣ የጠየቅኩ እንደሆነ «ይሄ ልጅ አስቸጋሪ ነው» ብለው የሚመልሱኝ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ደሞዜን ለናቴ ስልክላት ጎረቤት ጠርታ ቡና አፍልታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቦ መረቀኝ፣ ያን ቀን ማሰብ እራሱ ዛሬም ደስ ይለኛል። ግን ከዓመታት በኋላ ሌላ ክለብ እያለሁ ለአራት ወር ደሞዝ ሲቆምብኝ እጄ ላይ ምንም ወረቀት አልነበረም። ስንት እንደተስማማን፣ የፊርማው ገንዘብ መቼ መቼ እንደሚከፈል፣ ብጎዳ ማን እንደሚያሳክመኝ፣ ሁሉም ነገር በቃል ነበር፣ በቃል ያወራኝ ሰውዬ ደግሞ ከክለቡ ለቆ ሄዷል። አንዳንዶቹ ጓደኞቻችን ወረቀታቸውን ይዘው ፌዴሬሽን ከሰው ገንዘባቸውን አስከበሩ፣ እኔ ምን ይዤ ልክሰስ?

ስለዚህ ልመናዬ ነው፣ ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ሳትይዙ ከቢሮ አትውጡ። ማንበብ የሚከብዳችሁ ከሆነ የሰፈር አስተማሪም ቢሆን ያንብብላችሁ፣ «ነገ ልፈርም» ማለት ነውር አይደለም፣ የእውነት የፈለጋችሁ ክለብ አንድ ቀን ይጠብቃል። የሕክምና ወጪ ማን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ ከሌለ አስጽፉ፣ ከሁሉም በላይ ይሄን ነው የምላችሁ። ደሞዝ በባንክ ይግባላችሁ፣ በእጅ አትቀበሉ። ሲዘገይ ደግሞ በቃል ብቻ አትጠይቁ፣ ደብዳቤ ጽፋችሁ አስገቡና «ደርሶናል» ተብሎ የተፈረመበትን ቅጂ አስቀምጡ።

ጨዋታውን በተመለከተ አንድ ትልቅ ነገር የተማርኩት ከቴሌቪዥን ነው። ጥር 2005 ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገባ ጊዜ ካምፕ ውስጥ ተሰብስበን ነበር የምናየው። ከዛምቢያ ጋር 10 ሰው ሆነን አዳነ ግርማ አግብቶ 1 ለ 1 ስንወጣ የጮህነውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። የናይጄሪያው ጨዋታ ነው ግን እስካሁን ከውስጤ ያልወጣው። እስከ 80ኛው ደቂቃ ገደማ 0 ለ 0 ይዘን ቆየን፣ ከዛ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፣ ሁለቱንም ቪክተር ሞሰስ አገባቸው፣ 2 ለ 0 ተሸንፈን ወጣን። ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም፣ ሀገር ተሸክመው ነበር። እኔን የገባኝ ምንድነው፣ ተከላካይ ሲደክም መጀመሪያ የሚቀድመው እግሩ ነው፣ አእምሮው «ቆይ» ሳይለው እግሩ ይወጣል። ከዛ ቀን ጀምሮ 75ኛው ደቂቃ ሲደርስ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፣ ሳጥን ውስጥ፣ ማለት ጥፋት ፍጹም ቅጣት ምት የሚያሰጥበት ክልል ውስጥ፣ ሸርተቴ የለም፣ ኳሷን ለመንጠቅ አልሮጥም፣ በጎን ቆሜ ወደ መስመር ወደ መስመር እየገፋሁ አዘገየዋለሁ፣ ጓደኛዬ እስኪደርስልኝ። ዛሬም ልጆቼን መጀመሪያ የማስተምራቸው እሱን ነው።

አሁን ወደ ጉልበቴ ልምጣ።

በ2008 ነው የጀመረኝ። ልምምድ ላይ ዞር ስል ቀኝ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ማለት ከስሬ የሸሸ ነው የመሰለኝ፣ ማታውን አበጠ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ጎደለ፣ እኔም ዳንኩ ብዬ ዝም አልኩ። በረዶ እያደረግኩ፣ ዳይክሎፌናክ እየዋጥኩ፣ ከጨዋታ በፊት ደግሞ መርፌ እየተወጋሁ ተጫወትኩ። መርፌው ሕመሙን ነው የሚያጠፋው፣ የተበጠሰውን ነገር ምንም አያደርገውም። ሕመም ማለት እኮ ጉልበታችሁ «ተው» የሚልበት ድምፁ ነው፣ እኔ አፉን ይዤ አፈንኩት።

2009 ላይ ከወልዲያ ጋር ጨዋታ ደረሰን፣ ወልዲያ ላይ። አዲሱ የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም የተመረቀበት ዓመት ነው፣ 25 ሺህ ገደማ ሰው ይይዛል። ወሎ ውስጥ እንደዛ ያለ ሜዳ አያለሁ ብዬ በሕይወቴ አላሰብኩም። ደሴ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ነች፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ የሰፈር ልጆች መኪና ይዘው መጡ፣ እናቴ እኔን የክለብ ማሊያ ለብሼ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሐሙስ ልምምድ ላይ ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ከድቶኝ ነበር። አሰልጣኙ «እንዴት ነህ?» አለኝ፣ አይኔን አይቶ ነው የጠየቀኝ፣ «ደህና ነኝ» አልኩት። ይቺን ቃል ስንት ጊዜ መልሼ እንዳሰብኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከእረፍት በኋላ ነው፣ አንድ አጥቂ ከኋላዬ ሊያመልጥ ሲል ቀኝ እግሬን ተክዬ ዞርኩ። ማንም አልነካኝም። ውስጤ ጧ አለ፣ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት፣ ወደቅኩ። በቃሬዛ ሲያወጡኝ የወልዲያ ደጋፊ አጨበጨበልኝ፣ ለተጋጣሚ ተጫዋች፣ እሱን መቼም አልረሳውም። እናቴ ስታዲየም ውስጥ ነበረች።

ከዛ በኋላ የሠራሁት ስህተት ከመጫወቴም ይብሳል። ማታውን ወጌሻ አሻሸኝ፣ በሙቅ ነገር። ወጌሻ አልነቅፍም፣ ወለምታ ላይ ብዙ ሰው ተጠቅሟል፣ ግን ጧ ብሎ ድምፅ የተሰማበት፣ በሰዓታት ውስጥ ያበጠ፣ ስትዞሩ የሚከዳችሁ ጉልበት ወለምታ አይደለም። ቶሎ ማበጡ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ እሱን ማሻሸትና ማሞቅ ማባስ ነው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ አስራችሁ፣ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተኙ፣ በተቻለ ቶሎ የአጥንት ሐኪም ጋ ሂዱ። ራጅ ብቻ አንስተው «አጥንትህ ደህና ነው» ቢሏችሁ አትመለሱ፣ ራጅ ጅማት አያሳይም፣ ኤም አር አይ ነው የሚያሳየው። እኔ ስድስት ሳምንት ተኝቼ እብጠቱ ሲጎድል ተመለስኩ፣ በአራተኛው ጨዋታ ጭራሽ ጉልበቴ ተቆለፈ፣ አልታጠፍ አልዘረጋ አለ። አዲስ አበባ ሄጄ ኤም አር አይ ስነሳ የፊተኛው ጅማት፣ ኤሲኤል የሚሉት፣ ተበጥሷል፣ መሃል ያለው ልስልስ አጥንት፣ ሜኒስከሱ፣ ተቦጫጭቋል። ሐኪሙ «ጅማቱ ዛሬ የተበጠሰ አይመስልም፣ የመጀመሪያው ጊዜ ብትመጣ ሜኒስከሱን እናተርፈው ነበር» አለኝ። የመጀመሪያው ጊዜ ማለት 2008 ነው። ዓመት ሙሉ በተበጠሰ ጅማት ነው የተጫወትኩት።

ኦፕራሲዮኑን ያሠራሁት ከኪሴ ነው፣ ውሉ ላይ የሕክምና ነገር አልነበረማ። እሱም ከሆነ በኋላ ሐኪሙ ቢያንስ 9 ወር ኳስ እንዳልነካ ነገረኝ፣ እኔ ውሌ እያለቀ ስለነበር በ5 ወር ተመለስኩ፣ አልሆነም። 2010 ላይ በ29 ዓመቴ አቆምኩ። እናንተ ከዚህ አንድ ነገር ብትወስዱ ይሄን ውሰዱ፣ 9 ወር ተብሎ 5 ወር ላይ አይሮጥም፣ ክለብ ያልፋል ጉልበት ግን ሌላ አይገኝም።

ደሴ ተመለስኩና አንድ ዓመት ያህል ከቤት መውጣት አስጠላኝ። ፒያሳ ስወጣ «ለምን ተውከው?» የሚለኝ ሰው በዛብኝ። ከኳስ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም፣ ያጠራቀምኩት ብር ጉልበቴ ላይ አልቋል። ያዳነኝ ወንድሜ ነው፣ አንድ ጠዋት አስነስቶ የሰፈር ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ወሰደኝና «እነዚህን አሠራቸው» ብሎኝ ሄደ። 30 የሚሆኑ ልጆች፣ ሁለት ኳስ።

አሰልጣኝነት ቀላል መሰለኝ፣ ተጫውቼ የለ? እናላችሁ መጮህ ጀመርኩ። እኔ ስጫወት እንደሚጮሁብኝ ማለት ነው፣ ከዛም አብልጬ። ልጁ ኳስ ሳይነካ በፊት የት እንደሚያቀብል እነግረዋለሁ፣ ሲሳሳት በሰው ፊት እሰድበዋለሁ፣ ትንንሾቹን ትቼ በቁመት የበለጡትን መርጬ አሰልፋለሁ፣ እናሸንፋለንም። ማሸነፋችን ነው ደግሞ ያሳሳተኝ። አንድ ልጅ ነበረ፣ 13 ዓመቱ፣ ስቶፐር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ግን ኳስ የት እንደምትመጣ ከሰው ቀድሞ የሚያውቅ። አንድ ቅዳሜ ጎል ተገባብንና እኔ ሁሉም ሰው እየሰማ የማይባል ነገር አልኩት። ከዛ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሲሆነው ቤታቸው ሄድኩ፣ እናቱ አስገባችኝ፣ ቡና አፈላች፣ ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ ስለ ሌላ ነገር ነው ያወራችኝ፣ የኛ ሀገር ሰው ቅሬታውን ቶሎ አያወጣም። ከዛ ስኒውን እየሰጠችኝ «ወንድሜ፣ አልተቀየምኩህም፣ ልታሠለጥነው ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ልጄ ካንተ ሜዳ በመጣ ቁጥር እህል አይቀምስም» አለችኝ። ልጁ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ቀና ብሎ አላየኝም።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ጉልበቴ ሲያመኝ ለምን ነበር ያልተናገርኩት? ስለምፈራ ነው። አሁን ደግሞ ልጆቹ የሚፈሩት እኔን ነው። ይሄ ልጅ ጉልበቱን ቢያመው ለኔ ይነግረኛል? አይነግረኝም። ሲነጋ ሄጄ ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት፣ በሁሉም ልጆች ፊት ነው ይቅርታ የጠየቅኩት ምክንያቱም የሰደብኩት በሁሉም ፊት ነው።

ከዛ በኋላ ነው መማር የጀመርኩት። የካፍ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ማለት ነው፣ ሲ ላይሰንስ የሚባለው የአሰልጣኝነት ስልጠና ገባሁ፣ እና እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እየተጫወታችሁ እያለ ጀምሩት፣ ቢያንስ ደብተር ያዙ። እኔ 11 ዓመት ሙሉ ከኋላ ሆኜ ስንት አጥቂ፣ ስንት አሰልጣኝ፣ ስንት የልምምድ ዓይነት አይቻለሁ፣ አንዱንም አልጻፍኩትም፣ ስልጠናው ላይ «አንድ ልምምድ አዘጋጅተህ አምጣ» ሲሉኝ ከማስታወሻ ሳይሆን ከባዶ ነው የጀመርኩት። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ አምስት መስመር ይበቃል፣ ማን አስቸገረኝ፣ በየት በኩል፣ ምን ባደርግ ይሻል ነበር።

የልምምድ አሠራሬም ተቀየረ። ጨዋታውን አቆምና «ምን አየህ?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱን አልሰጥም። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ዝም ይሉኛል፣ ወጥመድ መስሏቸው። አሁን ይከራከሩኛል። ለተከላካዮች አራት ቃል አለን፦ «ሰው» (ሰው እየመጣብህ ነው ማለት ነው)፣ «ጊዜ አለህ»፣ «ውጣ»፣ «ያዝ»፣ ከዚህ የረዘመ ነገር ሜዳ ላይ አይሰማም። ቆማችሁ ስትጠብቁ ፊታችሁን ለኳሷ ብቻ አትስጡ፣ በጎን ቁሙ፣ ኳሷም የያዛችሁት ሰውም በአንድ እይታ እንዲገቡ፣ ካልገቡ ኋላ ሳቡ። ኳሷ በአየር እየሄደች ባለችበት ሰዓት ትከሻችሁን ዞር ብላችሁ እዩ፣ ከደረሰች በኋላ ጊዜ የለም። ከ2011 ክረምት ወዲህ ደግሞ የመልስ ምት ሕጉ ተቀይሯል፣ ኳሷ ከሳጥኑ ሳትወጣ መቀበል ይቻላል፣ ስለዚህ ስቶፐር ኳስ መቀበልና ዞሮ ማቀበል የግድ ሆኗል፣ «እኔ ሥራዬ ማውጣት ነው» የሚባለው ነገር አብቅቷል። ማሟሟቂያ ላይ የፊፋ 11+ የሚባለውን እሠራለሁ፣ 20 ደቂቃ ነው፣ ከኳስ በቀር ምንም ዕቃ አይጠይቅም፣ ሮጦ መቆም፣ ዘሎ በትክክል ማረፍ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይጥመም ማጠንከር። በሳምንት ሁለት ሦስቴ በደንብ ከተሠራ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ጉዳትን ይቀንሳል። እኔ ሲሮጡ ሳይሆን ዘለው ሲያርፉ ነው ጉልበታቸውን የማየው።

ወሎ ላይ ለምታሰለጥኑ ወንድሞቼ ደግሞ፣ ጾሙን አስቡ። በ2014 እና 2015 ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተደራርበው ቡድኔ በሙሉ ጾመኛ ነበር። ከሰዓት የነበረውን ልምምድ ወደ ማታ መግሪብ አካባቢ አስጠግቼ አሳጠርኩት፣ ሩጫ ቀንሼ በቦታ አያያዝ ላይ አተኮርኩ፣ ሲያበቃ አንድ ላይ ተቀምጠን በቴምርና በውሃ ነው የምንፈታው፣ ክርስቲያኖቹም ሰዓቱን ጠብቀው አብረዋቸው ይቀመጣሉ። ማንም እንዲያደርጉ አላዘዛቸውም።

2014 እራሱ ከባድ ዓመት ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ልጆቼ ተበተኑ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ስትመለስ ሜዳ ላይ የተገኙት ዘጠኝ ነበሩ፣ ቀስ በቀስ ነው የተሰበሰቡት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልምምድ አላሠራኋቸውም፣ ዝም ብዬ ኳስ ሰጠኋቸው፣ ይጫወቱ፣ ይጩሁ ብዬ። ያ ዝምተኛው ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቶ ከቆየ በኋላ ጥር ላይ መጣ፣ ቁመቱ ጨምሯል።

ያ ልጅ ኋላ ላይ አምበሌ ሆነ። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ላይ ለዋንጫ የሚያሳልፈን ጨዋታ ነበረን፣ መኪናው ሐረጎን ሳይጨርስ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና «ኮች፣ ትናንት ስዞር ግራ ጉልበቴ ከዳኝ» አለኝ። እንደሱ ያለ ስቶፐር የለኝም፣ እሱም ያውቃል። «አበጠ?» አልኩት። «ማታ ትንሽ» አለኝ። ታኬታውን ከቦርሳው ሳያወጣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ዋለ፣ ጨዋታው እስኪያልቅም እየተነሳ በሱ ቦታ ላስገባሁት ልጅ «ሰው! ጊዜ አለህ!» እያለ ጮኸለት። 2 ለ 1 ተሸነፍን። ሰኞ ጠዋት እናቱን ይዘን ሦስታችንም ሐኪም ቤት ሄድን።